ከበስራ እስከ ሜልቦርን፦ ያልታመሙት በሽተኞች



ዛሬ ከበስራ እንነሳ። በ255 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 868/869) የሞተው አል-ጃሒዝ ስለ ስስታሞች በጻፈው ኪታብ ውስጥ የዘመኑን አጭበርባሪ ለማኞች በየስማቸው ይዘረዝራል። ሰውዬው ሙዕተዚላ ነበርና ዓቂዳ ከእርሱ አንወስድም። የገበያ ሰው በማወቅ ግን የሚደርስበት ጥቂት ነው።

አንዱ ለማኝ እግሩን ሌሊቱን ሙሉ ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ሲነጋ ያበጠውን እግር ሳሙናና ደም የሚመስል ቀይ ሙጫ ይቀባዋል፣ ቅቤም ጠብ ያደርግበታል። ያየው ሁሉ ሥጋውን በሽታ እየበላው ይመስለዋል። ሌላው ዛሂድ መስሎ ይመጣል፤ ሙአዚን በመሆኑ ዐመፀኛው ባበክ ምላሱን ከሥሩ ቆርጦታል ይባልለታል። አፉን ሲከፍት ምላስ አይታይም፤ ያለው ግን የበሬ የሚያህል ምላስ ነው! መናገር ስለማይችል ታሪኩን የሚያወራለት ጓደኛ ወይም የተጻፈ ወረቀት ይይዛል። አል-ጃሒዝ ራሱም በዚህ ከተታለሉት አንዱ እንደነበር ይናገራል።

መጀመሪያ ስናነበው ስቀን ነበር። የአውስትራሊያዋን የቤል ጊብሰንን ታሪክ ስናውቅ ግን ሳቁ ቀረ። እሷ "የአንጎል ካንሰር ይዞኛል፣ ሐኪሞች 4 ወር ነው የቀረሽ ብለውኛል፣ በምግብ ግን እየዳንኩ ነው" እያለች በኢንስታግራም ብዙ ተከታይ አፈራች። እ.ኤ.አ. በ2013 የስልክ አፕ፣ ቀጥሎም መጽሐፍ ሸጠች። በ2015 ጋዜጠኞች ለበጎ አድራጎት ቃል የገባችው ገንዘብ የት እንደገባ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት ካንሰር እንደሌለባት አመነች። በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። ከዚህ ውስጥ 150,000ው የአንጎል ዕጢ ላለበት ሕፃን ቤተሰብ የአንድ ሳምንት ሽያጭ እሰጣለሁ ብላ ስላስቀረች ነው። ሱብሃነላህ!

የበስራው ለማኝ ዲርሃም ወሰደ፤ ሰጪው በኒያው አጅሩን ያገኛል ኢንሻአላህ። ጊብሰን ግን የሸጠችው መዳኛ ነው። እውነተኛ የካንሰር ሕመምተኛ እሷን አምኖ ሕክምናውን ቢያቋርጥ የሚከፍለው ዲርሃም አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸውን እርጥበት ነካቸው። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። በኋላ ዘመን ሙሕተሲቦች ገበያውን የሚቆጣጠሩት በዚሁ መንፈስ ነበር። ሸይዘሪ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀላቸው መመሪያ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ሐኪሙና መድኃኒት ቀማሚውም ይፈተሻሉ። የጊብሰን አሳታሚ ግን ወሬዋን ሳያጣራ መጽሐፉን አተመ፤ ኋላ 30,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህን ስንጽፍ ከጁሙዓ በኋላ የሐኪም ወረቀት ይዘው በር ላይ የሚቆሙት ትዝ አሉን። በእኛ መስጂድ ኮሚቴው ወረቀቱን አይቶ ሆስፒታሉ ዘንድ ይደውላል፣ ገንዘቡንም በቀጥታ ለመድኃኒት ቤቱ ይከፍላል። እስካሁን ከመጡት የሚበዙት በእርግጥም የታመሙ ነበሩ።

ወሏሁ አዕለም።