የፊኒክሷ እናት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬ ረጅም መንገድ አለው። በአሜሪካ፣ በአሪዞና በረሃ ውስጥ ፊኒክስ የምትባል ከተማ አለች። በጋዋ እሳት ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ግን በየሰዉ ግቢ ብርቱካን ይበስላል፣ በስሎም ለቃሚ ሲያጣ ይረግፋል። ወደዚህች ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል የዊስኮንሲን ሰው፣ በደረሰበት ጉዳት የተጎሳቆለ ሰውነቱን ሊያስታምም መጣና፣ እዚያው ቀረና፣ በቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖል የችግረኞች መመገቢያ በነፃ ማገልገል ጀመረ። ከዚያም አንድ አሮጌ የወተት መኪና አገኘና፣ ያንን ለቃሚ ያጣ ብርቱካን እየለቀመ ለመመገቢያው ያመላልስ ገባ። ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም እንደዋለችው፣ እሱም በፊኒክስ ጓሮዎች ቃረመ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት እናት አገኘ። ባሏ እስር ቤት ነው፤ ልጆቿ አሥር ናቸው። «እነዚህን ሁሉ በምን ታበያለሽ?» ቢላት፣ ከሱፐርማርኬት ጀርባ ካለው የቆሻሻ ገንዳ እያወጣች እንደምታበላ ነገረችው፤ ምግቡም ደኅና ነው አለችው። ቀጥላም፣ ሰው ገንዘቡን ባንክ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ የተረፈው ምግብ የሚያስቀምጥበት፣ የተቸገረው የሚያወጣበት ቤት ቢኖር ምን አለ አለችው። በየቦታው ሲነሳ የምንሰማው የቫን ሄንግል ስም ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ባንኩን ያሰበችው እሷ ናት።

እሱም ወደ ሱፐርማርኬቶቹ ሄዶ፣ የምትጥሉትን ስጡኝ አለ። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ባዶ የቆመ ዳቦ ቤትና 3,000 ዶላር ሰጠችውና፣ በ1967 (እ.ኤ.አ.) በሩ ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 275,000 ፓውንድ፣ በእኛ ሚዛን ወደ 1,250 ኩንታል ምግብ ወጣበት። በ1977 እንዲህ ያለ ባንክ በ18 ከተሞች ነበር።

መንግሥትስ? የአሜሪካ መንግሥትም የተረፈ ምግብ ለድኻ ማድረስን ቀደም ብሎ ሞክሮት ነበር። በ1939 በኒውዮርኳ ሮቼስተር፣ የ1 ዶላር ብርቱካናማ ኩፖን ለገዛ ድኻ የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ኩፖን በነፃ ይታከልለት ጀመር፤ በሰማያዊው የሚገዛውም ከገበሬው ተርፏል የተባለ ምግብ ብቻ ነበር። በ1943 ቆመ፤ በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሙከራ መለሱት፤ በ1964 ሕግ ሆነ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ስሙ ከተቀየረ በኋላም «ፉድ ስታምፕ» የሚሉት ይኸው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኩፖኑን ለማግኘት አስቀድሞ ገንዘብ መክፈል ነበረባችሁ። የከፈለ ከከፈለው የበለጠ ያገኛል፤ የሚከፍለው የሌለው፣ ከሁሉ የባሰው ድኻ ማለት ነው፣ ኩፖኑ ከሚሸጥበት መስኮት ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን የሚያህል ነገር ለማየት ዓመታት ፈጀ። በ1977 ክፍያው በሕግ ይቅር ተባለ፤ ሕጉ በጥር 1979 ሥራ ላይ ዋለና፣ በዚያው በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል አዲስ ሰው መጣ።