የቆዩ ፋይሎችን በስክሪፕት ማጽዳት

የቆዩ ፋይሎችን በስክሪፕት ማጽዳት ማለት በሰርቨር ላይ የተከማቹና ጊዜያቸው ያለፈ ፋይሎችን፣ ሰው በየጊዜው ሳያዝ፣ በተወሰነ ደንብ መሠረት በአጭር ፕሮግራም (ስክሪፕት) መሰረዝ ነው። ሰርቨር የሚሠራውን ሁሉ በሎግ ፋይሎች ይመዘግባል፤ ጊዜያዊ ፋይሎችና የመጠባበቂያ ቅጂዎችም ይከማቹበታል። እነዚህ ካልተወገዱ ዲስኩ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ዳታቤዝ አዲስ መረጃ መመዝገብ ያቅተዋል፣ አገልግሎቱም ሊቋረጥ ይችላል።

አሠራር

በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ዝርያዎች «ክሮን» የተባለው ፕሮግራም ስክሪፕቱን በተመደበለት ሰዓት፣ ለምሳሌ በየሌሊቱ፣ ያስነሳል። በስክሪፕቱ ውስጥ ያለው «ፋይንድ» የተባለ ትእዛዝ ደግሞ የሚሰረዙትን ፋይሎች በስም፣ በመጠን ወይም ለመጨረሻ ጊዜ በተሻሻሉበት ቀን ይመርጣል። ፋይንድ ቀንን የሚቆጥረው በሙሉ 24 ሰዓት ሲሆን ትርፍ ሰዓቱን ይጥላል፤ ስለዚህ «ከ30 ቀን በላይ» ሲባል 31 ቀን ያልሞላውን ፋይል አይነካም። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ቢሰረዝ ስሙ ይጠፋል እንጂ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ የዲስክ ቦታው አይለቀቅም። በዚህ ምክንያት ለሎግ ፋይሎች «ሎግሮቴት» የተባለው ፕሮግራም ይመረጣል፤ ይህም የቆየውን ሎግ ለይቶ ያስቀምጣል፣ አዲስ ያስጀምራል፣ ከተወሰነ ቁጥር ያለፉትንም ይሰርዛል።

የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ አደጋ

ከታኅሣሥ 5 እስከ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14–16፣ 2021) በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማከማቻ ውስጥ 77 ቴራባይት ያህል መረጃ በስህተት ተሰረዘ። የጠፉት ፋይሎች 34 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ የ14 የምርምር ቡድኖች ነበሩ፤ የ4ቱን ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ አልተቻለም።

ስክሪፕቱ የተጻፈው ከ10 ቀን በላይ የቆዩ ሎግ ፋይሎችን እንዲሰርዝ ነበር። ሆኖም ገና እየሠራ ሳለ የተሻሻለው ቅጂ በላዩ ላይ ተተካ። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው «ባሽ» ፋይሉን አስቀድሞ በሙሉ አያነብም፤ እየሠራ በየክፍሉ ያነባል። ስለዚህ ከመሐል ጀምሮ አዲሱን ጽሑፍ ማንበብ ቀጠለ፤ የሎግ ማኅደሩን ስም መያዝ የነበረበት ተለዋዋጭም ባዶ ሆነ። በዚህም ስረዛው በተመራማሪዎቹ ፋይሎች ላይ ተፈጸመ።

ጥንቃቄዎች

* ስረዛው ከመጀመሩ በፊት ስክሪፕቱ የመረጣቸውን ፋይሎች ዝርዝር ብቻ እንዲያወጣ ማድረግና መመልከት፤
* ተለዋዋጭ ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ ወዲያው እንዲቆም ማዘዝ፤
* በመሥራት ላይ ባለ ስክሪፕት ላይ አለመጻፍ፤ አዲሱን በሌላ ስም አዘጋጅቶ ስሙን መለወጥ፤
* የተሰረዙትን ፋይሎች መመዝገብ፤
* የመጠባበቂያ ቅጂውን ስክሪፕቱ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ማስቀመጥ።