የኢንዱስትሪ ብክለት መረጃን ይፋ ማድረግና የዜጎች የአቤቱታ መብት

የኢንዱስትሪ ብክለት መረጃን ይፋ ማድረግ ማለት አምራች ድርጅቶች ወደ ውኃ፣ አየርና አፈር የሚለቁትን በካይ ነገር መዝግበው እንዲያሳውቁ፣ ኅብረተሰቡም ይህን መረጃ እንዲያገኝ የሚያስችል አሠራር ነው። ዓላማው ድርጅቶች ክስና ቅጣት ሳይጠብቁ አሠራራቸውን እንዲያሻሽሉ ማበረታታት ነው።

ጉዳዩ በጅማና በአካባቢዋ

በጅማ ዞን ቡና አብቃይ ወረዳዎች ዋነኛው የብክለት ምንጭ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። በጎማ፣ በማናና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች የሚገኙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እሸት ቡናን ፈልፍለው ሲያጥቡ ገለፈትና ስኳርነት ያለው ዝልግልግ ፍሳሽ ይወጣል። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ በሚበሰብስበት ጊዜ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወቶች ይሞታሉ፤ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። እጥበቱ የሚበረታው ዝናቡ አቁሞ ወንዞች መጉደል በሚጀምሩበት ወቅት በመሆኑ ጉዳቱ በታችኛው ተፋሰስ ውኃ በሚጠጡ ሰዎችና ከብቶች ላይ ይከፋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

እ.ኤ.አ. በ1984 በሕንድ ቦፓል ከተማ ከደረሰው የመርዛማ ጋዝ አደጋ በኋላ አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ ፋብሪካዎች የሚለቁትን መርዛማ ኬሚካል በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። ኢንዶኔዥያ ደግሞ በ1995 ፋብሪካዎችን በወርቃማ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር ደረጃ መመደብ ጀምራለች። በመጀመሪያ ይፋ የሆኑት ጥሩ ውጤት ያመጡት ብቻ ሲሆኑ፣ ለቀሩት የማስተካከያ ወራት ተሰጥቷቸዋል። ስማቸው በቀይ ወይም በጥቁር መዝገብ እንዳይወጣ የሠጉ ድርጅቶች በዚህ ጊዜ ፍሳሻቸውን ማጣራት ጀምረዋል።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

በኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 መሠረት ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎች ብክለታቸውን እንዲከታተሉ፣ እንዲመዘግቡና ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል። ሪፖርቱ የሚደርሰው ለመሥሪያ ቤቱ በመሆኑ፣ ይዘቱን ማወቅ የሚፈልግ ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተረጋገጠለትን መረጃ የማግኘት መብት ተጠቅሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ ወይም ሊያደርስ ስለሚችል ድርጊት፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በመሆኑም የጅማ ከተማ ኪቶ ፉርዲሳ ነዋሪ በአጋሮ አካባቢ ስላየው የወንዝ ብክለት ማመልከት ይችላል።

አቤቱታ አቀራረብ

1. ቦታውን (ቀበሌ፣ የወንዙ ስም፣ ፍሳሹ የሚገባበት ነጥብ)፣ ቀኑንና ሰዓቱን መመዝገብ፤ ድርጊቱ የሚደጋገም ከሆነ እያንዳንዱን ቀን ማስፈር።
2. የውኃውን ቀለምና ሽታ፣ የሞተ ዓሣ ወይም የታመመ ከብት ካለ መግለጽ፤ ከተቻለ ፎቶግራፍ ማያያዝ። የላቦራቶሪ ናሙና መውሰድ የባለሙያ ሥራ በመሆኑ ከአመልካች አይጠበቅም።
3. አቤቱታውን ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማቅረብ።
4. ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መያዝ።

የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የጊዜ ገደቡ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል። 30ዎቹ ቀናት የሚቆጠሩት በቅጂው ላይ ካረፈው ቀን ተነሥቶ ስለሆነ፣ ቅጂውን በጥንቃቄ ማስቀመጥ የአመልካቹን መብት ያስጠብቃል።