ገል የሚመሰክረው የሮማውያን ንግድ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ሮማውያን ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ቄሣሮች፥ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ሕግ ዐዋቂዎች ነው። በዚያ ሰፊ ግዛት ይኖር የነበረው ተራ ሕዝብ ግን መጽሐፍ አልጻፈም፤ ስለ እርሱም የጻፉለት ጥቂቶች ናቸው። ቢሆንም ወጥ የሠራበት ድስት፥ ዘይት ያስቀመጠበት ገንቦና የበላበት ሳሕን ተሰብረው በመሬት ውስጥ ቈይተዋል። እንጨት ይበሰብሳል፤ ብረት ይዝጋል፤ መዳብም ቀልጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። የተተኰሰ ሸክላ ግን ይሰበራል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ከየቤቱ የተጣለው ገል ስለ ሮማውያን ንግድ ምን ይመሰክራል? ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ገል አገሩን እንዴት እንደሚናገር እንመልከት። የየስፍራው ጭቃ የየራሱ አሸዋና የድንጋይ ብናኝ አለው። ሊቃውንት ገሉን በስሱ ቈርጠው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት ጭቃው ከወዴት እንደ ተቈፈረ ለመለየት ይችላሉ። ደግሞም ብዙ ሠሪዎች በዕቃቸው ላይ የስማቸውን ማኅተም ያትሙ ነበር። እንግዲህ ዕቃው የተሠራበትና ተሰብሮ የተገኘበት ስፍራ ከታወቁ፥ የተጓዘበትን ርቀት ማወቅ ይቻላል።

ትልቁ ምስክር ያለው በራሷ በሮም ከተማ፥ በቲቤር ወንዝ አጠገብ ነው። በዚያ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ያህል ከፍታና 1 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ያለው ኮረብታ አለ። ይህ ኮረብታ የተፈጥሮ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች የተከመረ ገል ነው። አምፎራ የተባሉት ባለ ሁለት ጆሮ ትልልቅ እንስራዎች የወይራ ዘይት ጭነው በመርከብ ይመጡ ነበር። ዘይቱ ከተገለበጠ በኋላ ሸክላው ዘይት ስለ ጠጣና ስለ ሸተተ ለሌላ ነገር አይሆንም፤ ስለዚህ ሰብረው በሥርዓት ከመሩት፤ ሽታውንም ለማጥፋት ኖራ ነሰነሱበት። ከ50 ሚሊዮን በላይ እንስራዎች በዚያ እንዳሉ ይገመታል። አብዛኞቹ የመጡት ዛሬ ጓዳልኪቪር ከሚባለው ከደቡብ እስፓንያ ወንዝ ዳር ሲሆን፥ የቀሩት ከሰሜን አፍሪካ ናቸው። አንዱ እንስራ ባዶውን 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 70 ሊትር ያህልም ይይዛል።

በ1872 ሃይንሪኽ ድሬሰል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በገሎቹ ላይ በቀለም የተጻፈውን ማጥናት ጀመረ። ጽሑፉም የእንስራውን ክብደት፥ የዘይቱን ክብደት፥ የነጋዴውን ስምና ዓመቱን ይገልጣል። ከዚህ የምንረዳው የመንግሥት ሹማምንት ጭነቱን ይቈጣጠሩ እንደ ነበር ነው። ምክንያቱም የሮም መንግሥት ለከተማው ሕዝብና ለወታደሮቹ ቀለብ ያቀርብ ነበርና። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሁሉ በገበያ ፈቃድ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይገባም።

ዘይት የበዛ ዋጋ ስላለው ሩቅ ቢሄድ አያስደንቅም እንል ይሆናል። ታዲያ ስለ ተራ ድስት ምን እንላለን? በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት ባሕር ዳር በእጅ ብቻ የሚበጅ ጥቁር ድስት ነበር። ይህ ድስት በ122 መሠራት በጀመረው በሀድርያኖስ ግንብ ላይ፥ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፥ በወታደሮች ማዕድ ቤት ብዛት ተገኝቷል። በደቡብ ፈረንሳይም በላ ግሮፍሰንክ ቀይና አንጸባራቂ ሳሕን የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። በአንድ እቶን ውስጥ ወደ 30,000 የሚጠጋ ዕቃ አብረው ይተኵሱ ስለ ነበር፥ የማን ስንት እንደ ሆነ በሳሕን ላይ ጭረው ይመዘግቡ ነበር። በ1881 በፖምፔይ ከተማ አንድ ሣጥን ተቈፍሮ ሲወጣ ከዚያው አገር የመጡ 90 ጐድጓዳ ሳሕኖች ከኩራዞች ጋር ተገኙበት። ባለቤቱ ገና ሳይፈታው በ79 የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ከተማይቱን ቀብሯት ነበር። ኢጣልያ የታወቁ ሸክላ ሠሪዎች ሳሏት የፈረንሳይ ሳሕን ባሕር ተሻግሮ ይሸጥባት ነበር። የዚህም ምክንያት በባሕር መጓጓዝ በየብስ ከመጓጓዝ እጅግ ስለሚረክስ ነው።

የገሉ መንገድ ወደ እኛም ይደርሳል። በቀይ ባሕር ራስ ላይ በነበረችው በአይላ፥ በዛሬዋ አቃባ፥ የተሠሩ እንስራዎች በአዱሊስና በአክሱም ተገኝተዋል።

አሁን ደግሞ ንግዱ በተቋረጠ ጊዜ የሆነውን እንይ። የሮም አስተዳደር በ410 ገደማ ከብሪታንያ ሲነሣ፥ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ትልልቆቹ የሸክላ ሥራዎች ቆሙ። የሸክላ መንኰራኵር እንኳ ከአገሩ ጠፋ። ባለጸጋው ወርቁን ሸሽጎ ይሆናል፤ በርካሽ ገዝቶ ይበላበት የነበረውን ጥሩ ሳሕን ያጣው ግን ገበሬው ነው። የመንገድና የባሕር ሰላም ለታላላቆች ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ቢኖር፥ ይህን ገል ይመልከት።

በርግጥ ገል ሁሉን አይናገርም። በጆንያ የተጫነው እህል፥ ጨርቁና በገመድ ታስሮ የተሸጠው ባሪያ በመሬት ውስጥ ገል አልተዉም። ቢሆንም መጻሕፍት የዘነጉትን የድኻውን ገበታ የሚያሳየን እርሱ ነው።

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በእርሻ ወይም በቤት መሠረት ቍፋሮ አሮጌ ገል ብታገኙ አትርገጡት፤ የተገኘበትን ስፍራ አስታውሳችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። ከስፍራው የተለየ ገል አንደበቱን ያጣል፤ ስፍራው የታወቀለት ግን ይመሰክራል።