ፖሊ ስታይሪን፡- ድርሻዋ ዘግይቶ የታወቀላት የፐንክ ሙዚቃ ድምጻዊት

ከሶማሊያዊ አባትና ከብሪታኒያዊት እናት የተወለደችው ድምጻዊትና የግጥም ደራሲ ፖሊ ስታይሪን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በብሪታኒያ የተስፋፋውን የፐንክ ሙዚቃ በይዘትም ሆነ በአቀራረብ ከለወጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ይሁንና የዘርፉ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲተረክ የቆየው በአብዛኛው በወንዶች ቡድኖች ዙሪያ በመሆኑ ድርሻዋ የሚገባውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል።

የመዝገብ ስሟ ማሪያን ጆአን ኤሊዮት ሰይድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በብሮምሊ ተወልዳ በደቡብ ለንደን በምትገኘው ብሪክስተን አድጋለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1976፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ዕለት፣ ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው ቡድን በሄስቲንግስ ከተማ ያቀረበውን ዝግጅት ከተመለከተች በኋላ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥታ ኤክስ ሬይ ስፔክስ የተባለውን ቡድን አቋቁማለች። የመድረክ ስሟንም የመረጠችው በርካሽ ተመርቶ ከሚጣል የፕላስቲክ ዓይነት ነው።

ቡድኑ በጊታር ላይ ለተመሠረተው ፐንክ ሳክስፎንን በማከል የተለየ ድምፅ አስገኝቷል። ድምጻዊቷም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦዋን ሳትደብቅ፣ ደማቅ አልባሳት ለብሳ መድረክ ላይ በመውጣት ከሴት ዘፋኝ ይጠበቅ የነበረውን መልክ አልቀበልም ብላለች። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ጀርምፍሪ አዶለሰንትስ» የተሰኘው አልበም ስለ ማንነት፣ ስለ ሸማችነትና ስለ ማስታወቂያ ጫና የሚያነሳ ሲሆን፣ በብሪታኒያ የአልበሞች ሰንጠረዥ 30ኛ ደረጃን አግኝቷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን ቡድኑ በለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ዘረኝነትን በመቃወም በተዘጋጀው ኮንሰርት በአስር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ተጫውቷል።

ፖሊ ስታይሪን እ.ኤ.አ. በ1979 ቡድኑን ለቃለች። በተሳሳተ ምርመራ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ተብላ ሆስፒታል የገባች ሲሆን፣ ትክክለኛው ሕመሟ ባይፖላር መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከመድረክ መራቋ ስሟ እንዲደበዝዝ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል።

ሥራዋ ግን ተተኪዎችን አፍርቷል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተነሳው፣ ራየት ገርል የተባለው የሴቶች የፐንክ እንቅስቃሴ እንደ ፈር ቀዳጅ ይመለከታታል። ስዊድናዊቷ ድምጻዊት ኔነህ ቼሪም በእርሷ ተነቃቅታ መዝፈን እንደጀመረች ገልጻለች።

ፖሊ ስታይሪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2011 በጡት ካንሰር ምክንያት በ53 ዓመቷ አርፋለች። ልጇ ሴለስት ቤል ከፖል ሰንግ ጋር በመሆን እናቷ የተወቻቸውን ጽሑፎችና ፎቶግራፎች መሠረት አድርጋ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታኒያ ነጻ ፊልሞች ሽልማት በምርጥ ዘጋቢ ፊልምነት ተሸላሚ ሆኗል። ፊልሙም የድምጻዊቷ ሥራ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ ዳግም እንዲታወቅ አስችሏል።