ከ20 ቶን የተረፈ አንድ ሬዲዮ

የባቻችን ልጆች ሲደውሉ «ነቀምቴ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ስለ ተረኝነትና ስለ መብራት መጥፋት አወራለሁ። ዘንድሮ ለመታሰቢያ መጽሐፋችን ጻፊ ስባል ግን ያሰብኩት ስለ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነው። ባለቤቷ የረጅም ጊዜ የደም ግፊት ታካሚዬ ናቸው። ሁላችንም «አዴ» ነው የምንላቸው።

አንድ ቀን የቡና ጥሪያቸውን አክብሬ ቤታቸው ስሄድ፣ ቁም ሳጥን ላይ በዳንቴል የተሸፈነ ግራጫ የብረት ሳጥን አየሁ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው «ይሄ ቦናያ ላይ የሞተው የጣልያን ጄኔራል ሬዲዮ ነው» አሉኝ። የባለቤታቸው አባት ነበሩ ያመጡት። «ድምፁን ሳልሰማ እንዳልሞት» ሲሉ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

የቦናያን ነገር ለማታውቁ ባጭሩ ላንሳው፤ እኛን በስም ይመለከተናልና። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ማልዮኮ የሚመራው የጣልያን ቡድን ወለጋን ያለ ጦርነት ለማስገበር በ3 አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፈ። ማልዮኮ በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን አየር ኃይል ምክትል አዛዥ ነበር። አብሮት ሎካቴሊ የሚባል ስመ ጥር አብራሪም ነበረ። ሌሊቱን የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶችና አብረዋቸው የነበሩ አርበኞች ወረዱባቸው። ከቡድኑ የተረፉት አባ ቦሬሎ የሚባሉት ሚሲዮናዊ ብቻ ናቸው፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። የጥቁር አንበሳ ማኅበር እዚሁ ነቀምቴ የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ (የሰው ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም፣ ይህን ለሰርጂን ጓደኞቼ ደስታ እጨምራለሁ)። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም አባላት ነበሩ፤ በኋላ ጣልያኖች ገደሏቸው። እኛ የተማርንበት ሆስፒታል በልዑል መኮንን ስም ተሠርቶ፣ ጥቁር አንበሳ የተባለው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ስንት ዓመት ስሙን በደረታችን ባጅ ላይ ለጥፈን ስንዞር፣ ነቀምቴ መነሻው መሆኗን ማን ነገረን?

ስለዚህ የአዴ ሳጥን እውነት የቦናያ ከሆነ ትልቅ ነገር ነበር። እኔም እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ አልደብቅም።

ከተማው ውስጥ ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። እሁድ እሁድ አብረን ከፈትነው። ሳጥኑ መቀበያ ብቻ ነው፤ መልእክት አይልክም። እንዲህ ያለው የጦር ሬዲዮ የተሠራው ከባትሪ እንዲሠራ ነው፤ የባትሪውን ጉልበት ለቱቦዎቹ ወደሚበቃ ከፍተኛ ቮልት የሚቀይርለት ለብቻው የሚሽከረከር ማሽን ነበረው። የአዴ ሬዲዮ ማሽኑ የለም። አንድ ሰው በድሮ ጊዜ በቀጥታ ከግድግዳ መብራት ሊያገናኘው ሞክሮ ሽቦዎቹን አሳርሯል። ኮንደንሰሮቹ ሰም በተነከረ ወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ እርጥበት ጠጥተው አብጠዋል። ወጣቱ ነቅሎ ሊጥላቸው ሲል ያዝኩት። ውስጣቸውን ባዶ አድርገን አዲሱን በአሮጌው ቀፎ ውስጥ ከተትን፤ የወጣውንም በመድኃኒት ብልቃጥ አስቀመጥን። የሞተ አንድ ቱቦም ነበር። ምናለሽ ተራ አስፈለግሁ፤ ጠፋ። በመጨረሻ ጣልያን የሚኖር የባቻችን ልጅ ላከልን፤ ራሱን ያውቃል፣ አመሰግናለሁ።

መብራት የሰጠነው ወጣቱ በሠራው ትራንስፎርመር፣ በመሐል አምፖል አስገብተን፣ ቀስ በቀስ ነው። ይህንን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን በኤፍ-75 እንደሚጀመር እናንተም ታውቃላችሁ። ጠግቦ እንዲበላ በመጀመሪያው ቀን ከሰጠኸው ትገድለዋለህ። አምፖሉ ደመቀ፣ ከዚያ ደበዘዘ፤ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ጉርምርምታ ብቻ።

ጥርጣሬ የያዘኝ ግን ቀደም ብሎ ነው። በተቃጠለ አውሮፕላን ውስጥ የነበረ ሬዲዮ ቀለሙ እንዴት አልተላጠም? ከጀርባው ያለውን ሰሌዳ በአልኮል ስንጠርገው «አሎኪዮ ባኪኒ፣ ሚላኖ» የሚል ወጣ፤ ለጣልያን ጦር ሬዲዮ ይሠራ የነበረ ፋብሪካ ነው። ከሥሩ በሮማ ቁጥር 17 ተመቷል። ወጣቱ የሞዴል ቁጥር መሰለው። የፋሺስቶች ዓመት ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምሮ በሮማ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። ቦናያ የወደቀው በ14ኛው ዓመት ነው። 17ኛው ከጥቅምት 1931 እስከ ጥቅምት 1932 ዓ.ም. ነው። ጄኔራሉ ሲሞት ይህ ሬዲዮ ገና አልተሠራም።

ታዲያ ከየት መጣ? የአዴ አማች በ1933 ክረምት ከደምቢዶሎ በበቅሎ ጭነት ሲመለሱ እንደነበር ቤተሰቡ ይናገራል፤ ግን ይህን ከሬዲዮው ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ከኮንጎ የመጡት የቤልጅግ ጦር አፍሪካውያን ወታደሮች በሱዳን አቋርጠው መጋቢት 2 አሶሳን፣ መጋቢት 14 ጋምቤላን ያዙ። ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ደምቢዶሎ ሥር ተቀመጡ፤ ጣልያኖች ሰዮ ይሏት ነበር። ከጥይቱ ይበልጥ የገደላቸው በሽታ ነው። ዲሴንተሪና ቤሪቤሪ ነበረባቸው፤ ዕቃ ተሸካሚዎቹማ በመቶዎች አለቁ። ለእነሱ ሐውልት ደምቢዶሎ ላይ አላየሁም። ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ ከነጦሩ እጁን ሰጠ። ቤልጅጎች ከተረከቡት ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ከመድፉ፣ ከ250 ካሚዮኑና ከ500 በቅሎው ጋር 20 ቶን የሬዲዮ ዕቃ ተመዝግቧል። ሃያ ቶን! ከዚያ ውስጥ አንዲት ሳጥን በበቅሎ ጎን ብትጠፋ ማን ያያል?

ለአዴ መንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለታካሚ መጥፎ ዜና መንገር ተምረናል፤ ለዚህ ግን ኮርስ አልወሰድንም። ሰው ሰማንያ ዓመት የያዘውን ታሪክ በአንድ የሮማ ቁጥር ትነጥቂዋለሽ? ዝም ብል ደግሞ የቦናያ ልጆች ያላደረጉትን እንዳደረጉ፣ እነዚያ ተሸካሚዎች ደግሞ ጭራሽ እንዳልነበሩ አድርጌ ልተው ነው።

ሬዲዮው በተናገረበት ማታ ነገርኳቸው። ረጅም ሽቦ ከዋንዛው ዛፍ ላይ ሰቅለን፣ ከጉርምርምታው መሐል የአረብኛ መዝሙር ወጣ፤ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። አዴ ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩ። ከዚያ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ደምቢዶሎ፣ ስለ በቅሎው አንድ በአንድ አወራሁላቸው። ቡናውን እስኪያወርዱ ድረስ ምንም አላሉም።

«ይሄ ጋዜራ የምትይው» አሉኝ ሲኒውን እያቀበሉኝ፣ «እሱም ጄኔራል ነበር?»

«አዎ፣ አዴ።»

«እና አማቼ ከዚያ ድረስ ተሸክመው መጡ?»

ባለፈው ሳምንት የመጣ እንግዳ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። ማልዮኮን አልጠሩም። «የደምቢዶሎው ጄኔራል ነው» አሉ፣ «በበቅሎ ስንት ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?»