ያልቆጠሩትን ቀን ማወቅ

ጊዜን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መቁጠር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መሄድ። ሌላው ማስላት ነው፤ የታወቀ መነሻ ይዞ "ከዚያ ወዲህ ምን ያህል አለፈ?" ብሎ መጠየቅ። ቆጣሪ አንዴ እንቅልፍ ከወሰደው በቃ፣ ጠፋበት። የሚያሰላው ግን ተኝቶ ቢነሳም ቀኑን ያገኘዋል። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ልዩነት ብዙ ተንገላተው ነው የተማሩት። እኔ በተወለድኩበት በወገዳ ግን መሪጌቶቹ ሲያስተምሩት ኖረዋል።

ወገዳ ስል ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ማለቴ ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች፤ የድጓ ተማሪ ከየአገሩ መጥቶ የሚያስመሰክርባት። ድጓ የዓመቱ ዜማ በየበዓሉ ተሰድሮ የሚገኝበት መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። እንግዲህ ቀኑን ካላወቃችሁ የምትዘምሩትን አታውቁም። ዐቢይ ጾምና ፋሲካ ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይቀያይራሉ። ስለዚህ ዜማው ባሕረ ሐሳብን ይዞ ይመጣል።

የ2018ን ዓመት እንውሰድ። 5500 ላይ 2018 ስንደምር 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው ማለት ነው። ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ልብ በሉ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ስሌቱ የራሱን ስህተት ያጋልጣል። ደግሞ ባለፈው ዓመት የት እንደነበራችሁ፣ ስንት ቀን እንደተኛችሁ አይጠይቅም።

ሌላም ነገር አለ። በባሕረ ሐሳብ ሌሊትና ቀኑ አንድ ላይ 60 ኬክሮስ ነው። ዓመቱ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ። ያቺን 15 ኬክሮስ ማንም ከጉዳይ ላይጥፋት ይችላል፣ ግን አትጣልም፤ በአራት ዓመት 60 ትሞላና በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ሆና ትከፈላለች። አንዴ ብቻ። አንድ ዕዳ ሁለቴ አይከፈልም።

አሁን ወደ እንጀራዬ ልምጣ፤ ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቆጣሪ ነበር። ማሽኑ ላይ ያለ ታይመር ፕሮሰሰሩን በየተወሰነ ቅጽበት ይጎነትለዋል፤ ጉንተላው ቲክ ይባላል። ሊኑክስ 2.4 በተለመደው ፒሲ ላይ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይጎነተል ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.6 ይህን 1000 አደረሰው። ሲስተሙ ሰዓቱን የሚያውቀው ጉንተላውን ቆጥሮ ነው። ከውስጡ ያለው ሸጁለርም፣ ማለትም ለፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩን የሚያድለው ተራ አስከባሪ፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚመዘግበው በዚሁ ነው።

ማሽኑ የራስ ሲሆን ችግር የለውም። ግን አንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ማሽን ማኖር ተጀመረ። አይቢኤም ቪኤም/370ን በ1972 አስተዋወቀ፤ ቪኤምዌር ደግሞ በ1999 ነገሩን ወደ ተራው ፒሲ አመጣው። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን እንግዳ ነው፤ ታች ያለው ሃይፐርቫይዘር አስተናጋጅ። እንግዳው ሙሉ ቤቱ የእሱ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተራው ሲያልቅ እንዲተኛ ይደረጋል፤ መተኛቱንም አያውቅም። ተኝቶ ሳለ የመጣውን ጉንተላ ማን ይቁጠርለት?

ስለዚህ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀረ። አንዳንድ አስተናጋጅ ያመለጠውን ጉንተላ አጠራቅሞ፣ እንግዳው ሲነቃ በጥድፊያ ይሰጠው ጀመር። እንግዳው ሊኑክስ ደግሞ በበኩሉ "ጉንተላ አምልጦኛል" ብሎ ራሱ ያካክስ ነበር። ሁለቱም ሲያካክሱ ሰዓቱ ወደ ፊት ሮጠ። ጳጉሜን 6ን ሁለት ጊዜ መቁጠር ማለት እኮ ነው!

ከሰዓቱ መዛባት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፍትሑ ነው። ታክሲ ተራ አስቡ። አንዱ ወረፋውን ይዞ ቆሞ ሳለ ከውጭ የመጣ ሰው አሥር ደቂቃ ያግተዋል። ተራ አስከባሪው እገታውን አላየም፤ "አሥር ደቂቃህን ተጠቅመሃል፣ ወደ ኋላ ሂድ" ይለዋል። በእንግዳው ውስጥ በሥራ ላይ የነበረ ፕሮግራም ላይ የሚደርሰው ይህ ነው። አስተናጋጁ የወሰደው ጊዜ በእሱ ላይ ይጻፍበታል። ሳይሠራ እንደሠራ ይቆጠርና ተራው ይገፋል።

መፍትሔው የመጣው መቁጠሩን በመተው ነው። በ2007 የወጣው ሊኑክስ 2.6.21 ሥራ በሌለ ጊዜ ቲኩን ማቆም ቻለ። በ2008 ደግሞ ኬቪኤም ክሎክ የሚባለው መጣ። አስተናጋጁ በሚጋሩት የሜሞሪ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጽፋል፤ መነሻ ሰዓት፣ በዚያ ቅጽበት የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ያሳየው ቁጥር፣ እና ያን ቁጥር ወደ ናኖሴኮንድ የሚለውጥ ማባዣ። እንግዳው ሰዓት ሲፈልግ ከአሁኑ ቁጥር የያኔውን ይቀንሳል፣ ያባዛል፣ መነሻው ላይ ይደምራል። ምን ያህል ተኝቶ እንደነበር ማወቅ አያስፈልገውም። በ2011 ደግሞ ኬቪኤም ለእንግዳው ሊኑክስ የተወሰደበትን ጊዜ ይነግረው ጀመር። ስሙ ስቲል ታይም ነው፤ የተሰረቀ ጊዜ። ተራ አስከባሪው አሁን እገታውን አይቶ ከሒሳቡ ያወጣዋል።

የመነሻውን ነገር አስተዋላችሁ? 5500 ሲደመር ዓመተ ምሕረቱ፤ መነሻ ሲደመር ያለፈው። ኬቪኤምን የሠሩት ሰዎች ከቤተልሔም ተምረዋል እያልኩ አይደለም። ጥያቄው አንድ ስለሆነ መልሱም ተቀራረበ እንጂ። ዓለሙ ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ አንተ ግን ታቋርጣለህ፤ ታዲያ ስትመለስ ያለህበትን በምን ታውቃለህ?

ይህን የማነሳው ለኩራት አይደለም። ከቆሎ ትምህርት ቤት ወጥተው ከተማ የሚገቡ ልጆች አሉ። ኮምፒውተር ሲማሩ የቀድሞ ዕውቀታቸው ለበዓል ማውጫ ብቻ የሚሆን ይመስላቸዋል፤ እኛም እንደዚያ እናስመስልባቸዋለን። ግን ወንበርን አውጥቶ አበቅቴን በመጥቅዕ የሚያመሳክር ልጅ መነሻ፣ ቀሪና ማረጋገጫ የሚባሉትን ነገሮች ያውቃቸዋል። የሚቀረው ሌላ ስማቸውን መማር ነው። ያ ልጅ እዚህ ሲደርስ ከዜሮ ጀምር አንበለው፤ የተማረበት ጊዜ አልተሰረቀበትምና።